የድሮ ፎቶ ላይ ያለው ጣሊያን ማን ነው? ከኮሌታው ጀምሩ

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የጣሊያን ዘመን ፎቶ ወይም የደንብ ልብስ ምልክት ዛሬም ከአያት ሳጥን ይወጣል። ችግሩ ሁሉም «ጀነራል ነው» መባሉ ነው። ቴሌግራም ላይ ለሽያጭ ሲወጣ ደግሞ ዋጋው እንዲወደድ «የሂትለር መኮንን ነው» ይታከልበታል። ኧረ በሕግ! ደሴን የያዘው የጣሊያን ጦር እንጂ የጀርመን ጦር አይደለም።

የጀርመኑን ቶሎ እንጨርሰው። ኤስኤስ የሚባለው የናዚ ፓርቲ ታጣቂ ማዕረጉን የሚያደርገው ግራ ኮሌታው ላይ ነው። ለምሳሌ ኦበርሽቱርምባንፉረር እንደ እኛ ሌተና ኮሎኔል ነው። ማዕረጉ የወጣው በ1933 እ.አ.አ. ሲሆን ምልክቱ አራት ትንንሽ ካሬ ጉብታዎችና ከጎናቸው አንድ ጥብጣብ ነው። አይሁዶችን ወደ ሞት ካምፕ ማጓጓዙን ያቀነባበረው አይክማን የያዘው ማዕረግ ይኸው ነው። ጥብጣቡ ከሌለና አራቱ ጉብታ ብቻ ከታየ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ፣ ሻለቃ ነው። ቀኝ ኮሌታው ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት መብረቅ የመሰለ ምልክት አለ። እንዲህ ያለ ነገር «ከደሴ ሳጥን የወጣ» ከተባላችሁ ጠርጥሩ። እንዲያውም ከዚያ ዘመን የተረፈ የጀርመን ዕቃ ካለ ማውዘር ጠመንጃ የመሆን ዕድሉ ይበልጣል። ጀርመን በ1935 እ.አ.አ. በድብቅ መሣሪያ የሰጠችው ለእኛ ነበርና።

አሁን ወደ ጣሊያኑ። ፎቶውን መስኮት አጠገብ አምጡት፣ በስልካችሁ አንስታችሁ ኮሌታው ላይ አጉሉት። የምትፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኮከብ ነው ወይስ ፋሺዮ?

ባለ አምስት ጫፍ ትንሽ ኮከብ ካያችሁ ሰውየው የመደበኛው ጦር፣ ማለትም የንጉሡ ወታደር ነው። በኮከቡ ቦታ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ በገመድ የታሰረ የበትር ነዶ የመሰለ ነገር ካያችሁና ከጎኑ የመጥረቢያ ስለት ብቅ ካለ ግን ጥቁር ሸሚዝ ለባሽ ነው። ፋሺዮ የሚባለው ይሄ ነው። ትንሽ ስለሆነ በደበዘዘ ፎቶ ላይ ቀጥ ያለ ጭረት ብቻ ሊመስል ይችላል። ኮከብ ግን ምንም ቢደበዝዝ ክብ ነጥብ እንጂ ጭረት አይመስልም።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጥቁር ሸሚዞች ሙሶሊኒ በ1923 እ.አ.አ. የፓርቲውን ዱርዬዎች ሰብስቦ በሕግ ያቋቋማቸው ሚሊሺያ ናቸው። በ1928ቱ ወረራ «23 ማርዞ»፣ «28 ኦቶብሬ» እያሉ በፓርቲው በዓላት ስም የጠሯቸው ክፍለ ጦሮች ዘምተዋል። የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባ ላይ ሕዝቡን ከጨፈጨፉት ውስጥ ዋነኞቹ እነሱ ናቸው። ስለዚህ ፎቶው ላይ ያለው ማን እንደሆነ መለየት ለአልበም ማሳመሪያ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። ጥቁር ሸሚዞች ኮሌታቸው ላይ ሁለት ጫፍ ያለው፣ ነበልባል የመሰለ ጥቁር ጨርቅ ያደርጋሉ። ቤርሳሊዬሪ የሚባሉት የመደበኛው ጦር እግረኞች ደግሞ ቅርጹ ያው የሆነ ደማቅ ቀይ አላቸው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ሁለቱም ጥቁር ሆነው ነው የሚወጡት! ታርቡሹም እንደዚያው ነው፣ የጥቁር ሸሚዙ ጥቁር፣ የቤርሳሊዬሪው ቀይ፣ ሁለቱም ባለ ዘርፍ። ስለዚህ ጨርቁን ተዉት፣ ጨርቁ ላይ ያለውን ብረት እዩ። ባርኔጣው ላይ የላባ እቅፍ ከተሰካ ነገሩ አለቀ፣ ቤርሳሊዬሪ ነው።

ማዕረጉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። እጅጌው ጫፍ ላይ ያሉትን ጥብጣቦች ቁጠሩ። የላይኛው ጥብጣብ መሃሉ ላይ ይጠቀለላል፤ ጥቅልሉ ክብ ቢጤ ከሆነ መደበኛ ጦር፣ እንደ ዳይመንድ ማዕዘን ካለው ጥቁር ሸሚዝ። በጥቁር ሸሚዞች ዘንድ ሁለት ቀጭን ጥብጣብ ካፖ ማኒፖሎ ነው፣ የመቶ አለቃ በሉት። ሦስት ቀጭን ሴንቱሪዮኔ፣ ሻምበል ማለት ነው። ወፍራም ጥብጣብ ከገባ ሻለቃ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ወፍራሙ ላይ አንድ ቀጭን ሴኒዮሬ፣ ማለትም ሻለቃ፣ ሦስት ቀጭን ኮንሶሌ፣ ማለትም ኮሎኔል። ስሞቹ ሁሉ ከጥንቷ ሮም የተቀዱ ናቸው፣ ሙሶሊኒ ራሱን ቄሳር ማድረግ አምሮት ነበርና። አደረጃጀቱም የሦስት ሦስት ነው፦ ሦስት ማኒፖሎ አንድ ሴንቱሪያ፣ ሦስት ሴንቱሪያ አንድ ኮሆርት፣ ሦስት ኮሆርት አንድ ሌጊዮን። ኮንሶሌው ሌጊዮኑን ያዛል።

እጅጌው ባዶ ነው ብላችሁ ግን «ተራ ወታደር» አትበሉ። በሐሩር አገር ልብስ ላይ የመኮንኖች ማዕረግ ትከሻ ላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የፎቶውን ጀርባ አትርሱት፣ እኔ እንዲያውም ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን ነው የምወደው። ጣሊያኖቹ ከቀኑ አጠገብ የፋሺስት ዘመን ዓመት በሮማ ቁጥር ይጽፉ ነበር፣ ከጥቅምት 1922 እ.አ.አ. ጀምረው እየቆጠሩ። በሮማ ቁጥር 14 ተጽፎ ካገኛችሁ 1914 ደምሩበት፣ 1928 ዓ.ም. ይመጣል። 15 ከሆነ 1929። መስከረምና ጥቅምት ላይ ትንሽ ያዛንፋል እንጂ ለሌላው ጊዜ ይሠራል። ደሴ የተያዘችው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ስለሆነ፣ «ደሴ» ተብሎ 13 የተጻፈበት የወራሪ ጦር ፎቶ ካመጡላችሁ አንድ የተሳሳተ ነገር አለ። 14 ሆኖ ብዙ ካሚዮን ከታየበት ደግሞ በደንብ ያዙት። የወራሪው ጦር ዋና አዛዥ ባዶሊዮ ደሴን መቀመጫው አድርጎ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ የገባውን የካሚዮን ሰልፍ ያስነሣው ከዚሁ ነው። ከተማዋ ነፃ የወጣችው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ነው፣ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ኮምቦልቻ ላይ ተዋግተው ከገቡ በኋላ። ከዚያ ወዲህ ያለ ቀን ከተጻፈበት፣ ፎቶው ላይ ያሉት ጣሊያኖች ምናልባት ምርኮኞች ናቸው።

ፎቶው ላይ ያለው ሐበሻ ከሆነና ረጅም ታርቡሽ ካደረገ አስካሪ፣ ማለትም ለጣሊያን የተሰለፈ የአገር ተወላጅ ወታደር ነው። እጅጌው ላይ የቪ ቅርጽ ያለው ቀይ ጨርቅ ቁጠሩ፣ ማዕረጉ እሱ ነው፦ አንድ ሙንታዝ፣ ሁለት ቡሉክባሽ፣ ሦስት ሹምባሽ። ይህን ቤተሰብ ፊት ጮክ ብላችሁ ከማንበባችሁ በፊት የማን አያት እንደሆነ ጠይቁ፣ አደራ።

ዕቃው ራሱ እጃችሁ ላይ ከሆነ በአመድና በሎሚ አትፈትጉት። ነሐስ ሲያብረቀርቅ ደስ ይላል፣ ግን ጥቃቅኑ የበትር መስመር አብሮ ይላጣል። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ብቻ አንሱለት። ጀርባውንም አገላብጡ፤ የአየር አረፋ የመሰለ ቀዳዳ ካለውና ጠርዙ የቀለጠ ሳሙና ከመሰለ ቅርብ ጊዜ በሻጋታ የፈሰሰ ኮፒ ነው። ያገኛችሁት ነገር ጥይት ወይም ቦምብ ከሆነ ግን ማዕረግ ማንበቡን ተዉትና ሳትነኩት ለፖሊስ ደውሉ።