ማግባት ፈልጋችሁ ሰርጉ ካስፈራችሁ

አራት ኪሎ ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የሰርግ ጥሪ ካርድ እሠራለሁ፣ የጋብቻ ውል እተይባለሁ። ወረዳ የሚሄዱ ጥንዶች መታወቂያቸውን ኮፒ የሚያስደርጉትም እኔ ጋ ነው። ስለዚህ «የዘንድሮ ወጣት ማግባት አይፈልግም» የሚባለው አይዋጥልኝም። ይፈልጋል። የካርድ ዋጋ ሊጠይቁ ሲገቡ ፊታቸው ላይ ይታያል። ዋጋውን ሰምተው፣ ከአዳራሹ፣ ከዲኮሩ፣ ከቬሎውና ከቪዲዮው ጋር ደምረው ሲወጡም ፊታቸውን አያለሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ የቤት ኪራዩ አለ። «ትንሽ እንቆይ» ይባባላሉ። ትንሹ ዓመት ይሆናል፣ ዓመቱም ይደጋገማል።

ይህን የምጽፈው የሚወዱትን ሰው አግኝተው በሒሳቡ ምክንያት ለቆሙ ልጆች ነው። ማግባት የማይፈልግ ሰው መብቱ ነው። በየለቅሶ ቤቱ «መቼ ነው የምታገቢው?» እያሉ ሰው ማሳቀቅም ነውር ነው። ለሚፈልጉት ግን መንገድ አለ። ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው፤ ብዙው ሰው ከአዳራሽ ይጀምራል፣ እናንተ አዳራሹን መጨረሻ ላይ አድርጉት።

መጀመሪያ ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ

ጓደኛ በሌለበት፣ ስልኩን ዘግታችሁ ቁጭ በሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ «አንተ ማግባት ትፈልጋለህ ወይ? መቼ?» አራት ዓመት አብረው ቆይተው ይህን በቀጥታ ያልተጠያየቁ ጥንዶች አሉ። እሷ እሱ እስኪጠይቅ ትጠብቃለች፣ እሱ ደመወዙ እስኪያድግ ይጠብቃል። መልሱ «አላውቅም» ከሆነም መልስ ነው፤ ቀን ቆርጣችሁ ተመለሱበት።

ቀጥሎ ገንዘብ። ግብር ከተቆረጠ በኋላ እጃችሁ ላይ የሚደርሰውን ጻፉ። ብድር ካለ፣ እቁብ ካለ ጻፉ። ከሁሉ በላይ የሚደበቀው ለቤተሰብ የሚላከው ነው። ለእናቱ በየወሩ የሚሰጥ ልጅ አለ፤ የታናሽ እህቷን ትምህርት የምትከፍል ልጅ አለች። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ ግን ከጋብቻ በኋላ ሲሰማ እንደ ክህደት ይቆጠራል። አስቀድሞ ደብተሩ ላይ ሲሰፍር ግን አንድ የወጪ መስመር ብቻ ነው። ስለ ልጅ፣ ስለ ሃይማኖት፣ ከወላጅ ጋር ስለ መኖርም ያኔውኑ አንሱ።

ቤቱ ከካርዱ ይቅደም

ለዲኮር የተያዘውን ገንዘብ ለኪራይ አዙሩት። እቁብ የምትጥሉ ከሆነ ዕጣው ሲወጣ ለቤት እንዲሆን ከአሁኑ ተስማሙ።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅን፣ ቁጥር 1320/2016ን፣ እወቁት። የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ወረዳ መመዝገብ አለበት። «የስድስት ወር ካልከፈላችሁ» የሚል አከራይ ሲያጋጥማችሁ ይህን በትሕትና ንገሩት። አዲስ ተጋቢ ሁለት ዓመት የማይነቃነቅበት ቤት ያስፈልገዋል።

«መሃል ከተማ ካልሆነ አልኖርም» የምትሉትን እረዳችኋለሁ። እኔም ያደግኩት እዚሁ ነው። ግን ፒያሳም ካዛንቺስም የምናውቃቸው የቀበሌ ቤቶች ፈርሰዋል፣ የቀረው ኪራይ ደግሞ አይቀመስም። ሰፈሩን ሳይሆን ታክሲና አውቶቡስ የሚገኝበትን ቦታ ፈልጉ። ከወላጆች ግቢ ሰርቪስ ቤት መጀመርም ያስኬዳል፤ ግን እስከ መቼ እንደምትቆዩ ከመግባታችሁ በፊት ይነገር።

ሽማግሌዎቹን ለድግሱም ተጠቀሙባቸው

ይህን ምክር ብዙ ሰው አይሰጣችሁም፣ እኔ ግን ሲሠራ አይቻለሁ። ሽማግሌ የሚላከው ልጅቷን ለመጠየቅ ብቻ ነው ብላችሁ አታስቡ። «ድግሱን እናሳንስ» የሚለውን ቃል ልጅ ለአባቱ ሲናገረው ድፍረት ይሆናል። ሽማግሌ ሲናገረው ምክር ነው።

ሦስት ሰው ይበቃል። አንዱ የልጅቷን ቤተሰብ የሚያውቅ ይሁን፤ በእድር ወይም በአንድ አጥቢያ የሚገናኙ ቢሆን ጥሩ ነው። አንዱ የልጁ አጎት ይሁን። ሦስተኛው አነጋገር የሚያውቅ ሰው ይሁን፣ ባለ ሀብት መሆን የለበትም። ሰፈራችን ስለተበተነ ቀድማችሁ ደውሉላቸው። ከካዛንቺስ ተነስተው ገላን ጉራ የገቡ ትልልቅ ሰዎች አሉ፤ እሁድ ጠዋት አራት ኪሎ ድረሱ ሲባሉ መኪና ማዘጋጀት የእናንተ ፋንታ ነው።

መጀመሪያ ቀን ቤተሰቡ «እንምከርበት» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። ያ ክብር ነው፣ አትደንግጡ። ሁለተኛው ቀን «እሺ» ሲባልና ምርቃቱ ሲያልቅ፣ ቡና ሳይነሳ፣ አንዱ ሽማግሌ እንዲህ ይበል፦ «ልጆቹ ቤት ተከራይተው ሊጀምሩ ነው። ድግሱን አነስ አድርገን በምርቃት እንርዳቸው።» በዚያች ሰዓት እንቢ የሚል ወላጅ እምብዛም ነው። ነገሩ ሳምንት ካለፈ ግን አክስት ትገባበታለች፣ ከዚያ አዳራሽ ይመረጣል።

ወረዳ

በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ይቀበላል፦ በክብር መዝገብ ሹም (ጋብቻ በሚመዘግበው የመንግሥት ሠራተኛ) ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በባህል። የሦስቱም ሕጋዊ ውጤት እኩል ነው። ሁለታችሁም 18 ዓመት መሙላትና በፈቃዳችሁ መሆን አለበት። በየትኛውም መንገድ ብትጋቡ መመዝገብ ግዴታ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ኒካህም ከሆነ ማስረጃውን ይዛችሁ ወረዳ ሄዳችሁ ታስመዘግባላችሁ።

በክብር መዝገብ ሹም ፊት ከሆነ ከሁለት አንዳችሁ፣ ወይም የአንዳችሁ ወላጅ ወይም የቅርብ ዘመድ፣ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረበት ቦታ ነው የሚፈጸመው። ሐሳባችሁን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅ አለባችሁ። በዕለቱ ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት ምስክር ይቀርባል። መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶና ያላገባ ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚህ በፊት አግብቶ የፈታ ካለ የፍርድ ቤት ውሳኔውን ይያዝ። ወረቀቱን ከማሰባሰባችሁ በፊት ግን ወረዳችሁ ግድግዳ ላይ የለጠፈውን ዝርዝር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። እኔ ጋ መጥተው ኮፒ አስደርገው፣ አንድ ወረቀት ጎድሎ ተመልሰው የሚመጡ ብዙ ናቸው። ስማችሁ መታወቂያው ላይና ሌላው ማስረጃ ላይ በአንድ ፊደል የሚለያይ ከሆነ መጀመሪያ ያንን አስተካክሉ።

«አብረን እየኖርን ነው፣ ወረቀቱ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ሕጉ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩትንም ያያል። ከሦስት ዓመት ያላነሰ አብረው ከኖሩ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል። ልዩነቱ፣ ነገር ከተበላሸ አብሮ መኖሩን በምስክር ስታስረዱ ትከርማላችሁ። የተመዘገበ ጋብቻ ያንን ጣጣ ያስቀራል።

የጋብቻ ውል መጻፍ ከፈለጋችሁ ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ ነው። በጽሑፍ ይሆናል፣ በእያንዳንዳችሁ በኩል ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ምስክር ይፈርምበታል። «ውል» ሲባል ብዙዎች ይከፋቸዋል። ለምሳሌ ግን ከእህት ወንድሞቿ ጋር የአባቷን ቤት የወረሰች ልጅ ልትሆኚ ትችያለሽ። ከጋብቻ በፊት የነበረ ወይም በውርስ የተገኘ ንብረት በሕጉ የግል ነው፤ ነገር ግን የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ ንብረት ሁሉ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ያንን በአንድ አንቀጽ መጻፍ ለወንድሞችሽም፣ ለባልሽም እረፍት ነው።

የካርዱ ቁጥር

አሁን ድግሱ ላይ ደረስን። ባለፈው ዓመት ሁለት ልጆች ከልጁ እናት ጋር መጡ። ልጆቹ ስልካቸው ላይ አጭር ዝርዝር አላቸው። እናቱ ደግሞ የትምህርት ቤት ደብተር አወጡ፤ በሁለት ቀለም እስክሪብቶ የተጻፈ፣ እድር ለብቻ፣ ማኅበር ለብቻ፣ የድሮ ጎረቤት ለብቻ። ከሦስት መቶ በላይ ስም ነው። ልጅቷ ዝም አለች። ልጁ «እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ሰው ማን ያበላል?» አለ። እናቱ ደብተሩን ደረታቸው ላይ አድርገው «የሰው ድግስ ስበላ ኖሬ በማን ፊት ልቁም?» አሉ።

እኚህ ሴት ጉራ አይደለም የያዛቸው። ሠላሳ ዓመት የበሉት ብድር ነው። ይህን የማይረዳ ልጅ ከእናቱ ጋር ተጣልቶ ያገባል። ስለዚህ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋንና እያንዳንዱን ስም እየጠራን በሁለት ከፈልነው። ብትታመሙ የሚጠይቋችሁ፣ ሁለታችሁንም በስም የሚያውቁ ለሰርጉ ካርድ ይደርሳቸዋል። ብድር የሚመለስላቸው ደግሞ ከሰርጉ ሁለት ሳምንት በኋላ እሁድ ከሰዓት እናቱ ቤት ይጠራሉ፤ ድፎ ዳቦ፣ ጠላ፣ ቡና፣ ሙሽሮቹም የሀገር ልብስ ለብሰው ይመረቃሉ። ለእነሱ ካርድ አያስፈልግም፣ እናቱ ራሳቸው እየዞሩ ይጠራሉ። ሰማንያ ካርድ አተምን። እናቱ ሲወጡ ለቡናው የሚጠሯቸውን ሰዎች እየቆጠሩ ነበር።

ሌላው አጭር ነው። በጥርና ከፋሲካ ማግሥት የአዳራሽ ዋጋ ይወደዳል፤ ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ በዐቢይ ጾም ስለማይጋቡ ሰዉ ሁሉ እነዚህ ወራት ላይ ይረባረባል። ጥቅምትን አስቡ። በሥራ ቀን የሚደረግ ሰርግም ርካሽ ነው። ቬሎ ተከራዩ። ፎቶ ለመነሳት ወዳጅነት ፓርክ ከሄዳችሁ መግቢያውንና የካሜራ ክፍያውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሚዜ ሁለት ሁለት ይበቃል፤ የስድስት ሚዜ ልብስ የአንድ ወር ኪራይ ያወጣል። በቲክቶክ የምታዩትን መግቢያ ጭፈራ ከወደዳችሁት ጨፍሩ፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ለድግስ ብቻ ግን ብድር አትግቡ፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ ስማችሁን፣ የአባትና የአያት ስም፣ የትውልድ ቀኑን ፊደል በፊደል አንብቡ። ስህተት ካለ ከጠረጴዛው ሳትነሱ ይታረም። ከዚያ ኮፒ አድርጉ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። ላሚኔት ግን አታስደርጉት። ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጫ አንድ ቀን ካስፈለጋችሁ ማኅተም የሚያርፍበት ያ ወረቀት ነው።