ያለ ፍላሽ ሊኑክስ ሚንትን ላፕቶፕ ላይ መጫን

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቋረጠ ላፕቶፕዎን በነጻ ወደሚገኘው ስርዓተ ክወና ወደ ሊኑክስ ለማዞር አስበው ከሆነ፣ ፍላሽ ፍለጋ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቱሉ ዲምቱ መሀል ከተማ ድረስ መውረድ የግድ አይደለም። ከራሱ ከላፕቶፑ ዲስክ የሚቆረስ 8 ጊጋባይት የፍላሹን ሥራ ይሠራል።

ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ማሽኑ ከዲስክ ላይ ፋይል መርጦ መነሣት መቻሉን ያረጋግጡ። በብዙ የኤችፒ ላፕቶፖች፣ ሲበራ ኤፍ 9ን ሲጫኑ በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ «ቡት ፍሮም ኢኤፍአይ ፋይል» የሚል ምርጫ ይገኛል። ይህ ከሌለ ፍላሽ መዋሱ ይቀላል።

ሚንት ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ ነው፤ የመጫኛ ፋይሉ (አይኤስኦ) 3 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰፈር በቶረንት (ፋይልን በቁርጥራጭ በሚያወርድ ዘዴ) ቢያወርዱት ይሻላል፤ ቶረንት ካቆመበት ይቀጥላል፣ የተቀበለውንም እያንዳንዱን ቁራጭ ያረጋግጣል። ሰነዶችዎን ወደ ጉግል ድራይቭ ወይም ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይገልብጡ፤ ቢትሎከርን (የዊንዶውስን የዲስክ መቆለፊያ) እና ፋስት ስታርትአፕን (ዊንዶውስን በፍጥነት የሚያስነሣውን) ያጥፉ። መብራት በማንኛውም ሰዓት ሊሄድ ስለሚችል ባትሪው ሙሉ ይሁን።

ከዚያ ዲስክ ማኔጅመንት በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ሲ ድራይቭን በቀኝ ጠቅ አድርገው «ሽሪንክ ቮልዩም» በሚለው 60 ጊጋባይት ያህል ያስለቅቁ፤ ቁጥሩ የሚሞላው በሜጋባይት ስለሆነ 61440 ብለው ይጻፉ። ከተለቀቀው ላይ 8192 ሜጋባይቱን በፋት 32 ፎርማት ያድርጉ (ብዙ ማሽኖች ሲነሡ ኤንቲኤፍኤስ የሚባለውን የዊንዶውስ ፎርማት አያነቡም)፤ የቀረውን ባዶ ይተዉት። ያወረዱትን አይኤስኦ ሁለቴ ጠቅ አድርገው ከከፈቱ በኋላ ፋይሉን ራሱን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ አዲሱ ድራይቭ ይገልብጡ፤ ድራይቩን ሲከፍቱ «ኢኤፍአይ» የሚለው ፎልደር ወዲያው መታየት አለበት።

ላፕቶፑን እንደገና አስነሥተው በኤፍ 9 በኩል ወደዚያ ፎልደር ይግቡና «ቡት» ውስጥ ያለውን «ቡትኤክስ64» ይምረጡ። ሴኪዩር ቡት (ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሣ የሚከለክለው ጥበቃ) ከከለከለዎት ያጥፉት።

ሚንት ከተነሣ በኋላ በሚከፍቱት መጫኛ ላይ «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለውን ፈጽሞ አይምረጡ፤ መጫኛው ራሱ የተቀመጠው፣ የዊንዶውስ ፋይሎችዎም ያሉት እዚያው ዲስክ ላይ ነው። በስራ ላይ ያለውን የዲስክ ክፍል ልንቀል (አንማውንት ላድርግ) ወይ ብሎ ሲጠይቅ «ኖ» ይበሉ፤ «ሰምቲንግ ኤልስ» ውስጥ ገብተው ባዶ የተዉትን ቦታ ኤክስት 4 በሚባለው የሊኑክስ ፎርማት ለስርዓቱ ይስጡ። የ8 ጊጋባይቱን ክፍል በኋላ ማጥፋት ይቻላል፤ እኔ ግን ሲስተሙ አንድ ቀን አልነሣ ቢል መጠገኛ ስለሚሆን እንዲተዉት እመክራለሁ።