ስለ ባርቤዶስ የሠራተኛ ፓርቲ የሴሚናር ጽሑፍ እንዴት ይዘጋጃል?

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ሆነው ስለ አንድ ለዘብተኛ ግራ ዘመም ፓርቲ እንዲጽፉ ከታዘዙ፣ የባርቤዶስ የሠራተኛ ፓርቲ ጥሩ ምርጫ ነው፤ አገሪቱ ትንሽ ደሴት ስለሆነች የፓርቲው ታሪክ በአንድ የሴሚናር ጽሑፍ ሊጠቃለል ይችላል።

አጻጻፍዎን ከፓርቲው ፕሮግራም ሳይሆን ከሐምሌ 1929 ዓ.ም. ይጀምሩ። ጎንደር በጣሊያን እጅ በነበረችበት በዚያ ክረምት፣ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው ባርቤዶስ ክሌመንት ፔይን የተባለ የሠራተኞች አደራጅ ከደሴቲቱ በመባረሩ ረብሻ ተነሥቶ 14 ሰዎች ተገደሉ። ለፔይን ጥብቅና ቆመው የነበሩት ግራንትሊ አዳምስ በ1930 ዓ.ም. የተመሠረተውን ፓርቲ ለመምራት በቁ። በ1947 ዓ.ም. እነ ኤሮል ባሮው ተገንጥለው ዴሞክራቲክ የሠራተኛ ፓርቲን ስላቋቋሙ፣ ዋነኛው ተቀናቃኝም ከዚያው ቤት የወጣ ግራ ዘመም መሆኑን መግለጽ አይዘንጉ። ምንጮቹ የሚጠቀሙት በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ከወዲሁ አንዱን አቆጣጠር መርጠው እስከ መጨረሻው ይጽኑበት።

ብዙ ጥንቃቄ የሚፈልገው የምርጫ ውጤቱ ነው። ጥር 11 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ጎንደር ጥምቀትን በፋሲለደስ መዋኛ ስታከብር በዋለችበት ዕለት፣ በሚያ ሞትሊ የሚመራው ይህ ፓርቲ የሕግ መወሰኛውን ሳይሆን የተመራጮቹን ምክር ቤት 30 መቀመጫዎች በሙሉ ጠቀለለ፤ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ምርጫም እንዲሁ አድርጎ ነበር። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው በደሴቲቱ ተቃዋሚ የለም ብሎ ሊደመድም ይችላል። ነገር ግን ፓርቲው በሁለቱም ጊዜ ያገኘው ከተሰጠው ድምፅ 70 በመቶ ገደማውን ነው። እንደ እኛ አገር ሁሉ በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘው ዕጩ ብቻ ስለሚያልፍ፣ የተሸናፊዎቹ ድምፅ ወደ መቀመጫ ሳይቀየር ቀርቷል፤ መቀመጫው በድምፅ መጠን ቢከፋፈል ኖሮ ለፓርቲው 21 ያህል ብቻ በደረሰው ነበር። ስለዚህ በሠንጠረዥዎ ውስጥ የመቀመጫውን ቁጥርና የድምፁን መቶኛ ጎን ለጎን ያስፍሩ። በ2010 ዓ.ም. በፓርቲው ስም የተመረጡት ጳጳስ ጆሴፍ አተርሊ ብዙም ሳይቆዩ ወጥተው የተቃዋሚ መሪ መሆናቸውም በዚሁ ክፍል ይካተት፤ ምክር ቤቱ ተቃዋሚ ያገኘው በምርጫ ሳይሆን ከአሸናፊው ወገን በወጣ ሰው ነውና።

በመጨረሻም ፓርቲው በእርግጥ ግራ ዘመም ነውን የሚለውን ጥያቄ በስሙ ሳይሆን በሥራው ይመርምሩ። በ2010 ዓ.ም. ሥልጣን እንደያዘ የውጭ ዕዳ ክፍያን አቋርጧል፤ ወዲያውም ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር ባደረገው ስምምነት ወጪ ቀንሶ የመንግሥት ሠራተኞችን አሰናብቷል። ከሠራተኞች ተቃውሞ የተወለደ ፓርቲ ይህን ማድረጉ፣ እንደ እኔ ግምት፣ በውይይቱ ላይ መጀመሪያ የሚነሣ ጥያቄ ስለሆነ ቢያንስ አንድ ሙሉ ገጽ ይመድቡለት።