ጋቢውን ከማልበሳችሁ በፊት

ሲያትል ውስጥ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። ልቡ ቤት ውስጥ ቀጥ ብሎ በስንት መከራ ለተመለሰ ልጃቸው ጋቢ ይዘው የመጡ እናት ከአእምሮዬ አይወጡም። እጁን ዳብሰው «ልጄ፣ በረዶ ሆኗል እኮ! ብርዱ ነው የሚገለው» አሉኝ። ጋቢውን ሲዘረጉ እጃቸውን ያዝኩ፤ «እማማ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አልኳቸው። ለእሳቸው የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን ሰውዬው ገና ቤት ውስጥ እንደወደቀ የምታደርጉትን። ሰው ሲወድቅብን ውሃ እንረጫለን፣ ክብሪት ጭረን እናሸታለን። ልቡ ለቆመ ሰው ይህ ጊዜ ማባከን ነው። ጠርታችሁት ካልሰማ፣ አተነፋፈሱም ደህና ካልሆነ 911 ደውላችሁ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጉት። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ «አምሃሪክ» በሉ፣ አስተርጓሚ ይፈልጉላችኋል። አልፎ አልፎ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ሲያወጣ «ይተነፍሳል» ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከሶፋው ወደ ወለል አውርዱት። ሁለት እጃችሁን ደራርባችሁ ደረቱ መሃል ላይ፣ ክርናችሁን ሳታጥፉ፣ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ጫኑ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። አጥንት ሲንቋቋ ብትሰሙም አታቁሙ። ሲደክማችሁ ተቀያየሩ።

አንጎሉን ለማዳን ላቀዝቅዘው ብላችሁ በረዶ አትደርድሩበት። እዚሁ ኪንግ ካውንቲ አምቡላንሶች ቀዝቃዛ ፈሳሽ በደም ሥር እየሰጡ ሞክረውት ነበር። በፈረንጆቹ 2014 የወጣው ውጤት የሚተርፈው ሰው አለመጨመሩን፣ እንዲያውም መንገድ ላይ ልባቸው ዳግም የቆመባቸው መብዛታቸውን አሳየ።

ከሐይቅ ወይም ከበረዶ ውስጥ የወጣ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። በ1999 ኖርዌይ ውስጥ በረዶ ሥር የተቀረቀረችው አና ቦገንሆልም የሰውነቷ ሙቀት 13.7 ዲግሪ ደርሶ ተርፋለች። እንዲህ ያለውን ሰው «ቀዝቅዟል፣ አልቆለታል» ብላችሁ እንዳትተዉት፤ አምቡላንስ እስኪደርስ ደረቱን ተጫኑ።

ወደ ጋቢው ልመለስ። ኦክስጅን ተቋርጦበት የቆየ አንጎል ትኩሳት ሲጨመርበት ይብስበታል። በ2002 የወጡ ጥናቶች ሕመምተኛውን ወደ 33 ዲግሪ ገደማ ማውረድ እንደሚጠቅም አሳይተው ነበር። በ2021 ከ1,800 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ላይ ግን ወደ 33 ማውረድ ትኩሳትን ከመከላከል የበለጠ ሰው አላተረፈም። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ቦታ ዋናው ሥራ ሙቀቱ ከ37.5 ገደማ እንዳያልፍ ቀንም ሌሊትም መጠበቅ ነው። አሁንም ዝቅ የሚያደርጉ ሐኪሞች አሉ፤ «ስንት ዲግሪ ላይ ነው የምትይዙት? ለስንት ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

የእጁ መቀዝቀዝ አያስደንግጣችሁ። እኛ የምናነበው የሽንት ፊኛው ወይም ጉሮሮው ውስጥ ካለ ቴርሞሜትር ነው፤ የዚያ ልጅ እጅ በረዶ ሆኖ ሳለ ማሳያው 37.9 ይል ነበር። ደረቱና ጭኑ ላይ የተለጠፈው ውሃ የሚዘዋወርበት ንጣፍ ያንን ለማውረድ ነው። ላዩ ላይ ጋቢ ስትደርቡ ከማሽኑ ጋር ትታገላላችሁ።

መንጋጋው ወይም ደረቱ ሲርገበገብ ካያችሁ ግን ቶሎ ነርሷን ጥሩ። መንቀጥቀጥ ሙቀት ይፈጥራል፣ ኦክስጅንም ይጨርሳል፤ መድኃኒት አለው።

ገና በመጀመሪያው ቀን «አይነቃም ወይ?» እያላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ማደንዘዣው ራሱ ያስተኛዋል፤ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 72 ሰዓት ሳይሞላ የአንጎሉን ነገር በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

ለእማማም መላ አላጣንም። እግርና እጅን ማሞቅ መንቀጥቀጡን ያስታግሳል፤ ሐኪሙን ጠይቄ በጋቢው ጫፍ እግሩን አብረን ጠቀለልንለት። እናንተም ጋቢ ይዛችሁ ኑ፤ የት እንደሚለብስ ብቻ መጀመሪያ ጠይቁን።