«እናያለን» ሲሏችሁ፦ የሥራ ቦታ ማመቻቸት እንዴት ይጠየቃል?

ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ ነበር። ሊፍት የለም። እኔ ደግሞ የምሄደው በሁለት ክራንች ነው። ለሻይ ወርጄ ከምወጣ ሳልጠጣ ብውል ይሻላል እያልኩ ስንት ወር ከረምኩ። አለቃዬን ኮሪደር ላይ ባገኘሁት ቁጥር ነገሩን አነሣበታለሁ። ደግ ሰው ነው። ትከሻዬን መታ መታ ያደርግና «አይዞህ፣ እናያለን» ይለኛል። ዓመት ሞላ። ማንም አላየም።

በኋላ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። በሦስት ሳምንት ጠረጴዛዬ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ያቺ ደብዳቤ እንዴት እንደምትጻፍ ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

በቅድሚያ ሕጉን በአጭሩ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የሚባል አለ። አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተመጣጣኝ ማመቻቸት የማድረግ ኃላፊነት አለበት ይላል። ማመቻቸት ማለት የሥራ መሣሪያውን፣ ሰዓቱን፣ አካባቢውን፣ የሥራውን መስፈርት ጭምር ማስተካከል ነው። ካስፈለገ ረዳት መመደብም አለበት። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ስለዚህ ውለታ እየጠየቃችሁ አይደለም።

አንድ ቀን ደብተር ይዛችሁ ዋሉ

ከግቢው በር እስከ ወንበራችሁ፣ ከወንበራችሁ እስከ መጸዳጃ ቤት ድረስ የሚያስቸግራችሁን ሁሉ ጻፉ። «አይመችም» ብላችሁ እንዳታልፉ። የኔ ደብተር እንዲህ ይል ነበር፦ «መግቢያው ላይ 3 ደረጃ፣ መደገፊያ የለውም። የጣት አሻራ ማሽኑ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፣ ክራንቹን ሳልለቅ አልደርስበትም። የመጸዳጃ ቤቱ በር ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፣ ከገባሁ በኋላ መዝጋት አልችልም።» ስለ እግሬ አንድም ቃል የለበትም። ሁሉም ስለ ሕንፃው ነው። ደብዳቤውም እንደዚያው መሆን አለበት። ስለ ሰውነታችሁ ስትጽፉ ይታዘንላችኋል። ስለ በሩ ስትጽፉ ግን በሩ ይጠገናል።

ለማያይ ሰው ችግሩ በወረቀት የሚበተን ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። ለማይሰማ ሰው ደግሞ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የሌለው የሰኞ ስብሰባ።

ከችግሩ ጎን መፍትሔውን፣ ከመፍትሔው ጎን ዋጋውን አስቀምጡ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። አለቆች ማመቻቸት የሚለውን ቃል ሲሰሙ ሚሊዮን ብር ይታያቸዋል። ጠረጴዛ ወደ ታች ማውረድ ግን የሁለት ተሸካሚ ጉዳይ ነው። የአሻራ ማሽኑን ዝቅ ማድረግ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ለዓይነ ሥውራን የሚሆነው ኤንቪዲኤ የተባለ ስክሪን አንባቢ (የኮምፒውተሩን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ከኢንተርኔት በነፃ ይወርዳል።

ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፋንታ የሚሠራ ተዳፋት መውጫ፣ ከጠየቃችሁ ልኩን ራሳችሁ ጻፉ። የተለመደው መለኪያ 1 ለ 12 ነው፤ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። አንዱ ደረጃ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ሦስቱ 45 ይሆናሉ። ራምፑ እንግዲህ 5 ሜትር ከ40 መርዘም አለበት። ይህን ካልጻፋችሁ ግንበኛው ባለችው ቦታ አንድ ሜትር ተኩል ሲሚንቶ ያፈስና ሸርተቴ ሠርቶላችሁ ይሄዳል። ከተማችን ውስጥ እንዲህ ዓይነቱ ሸርተቴ ሞልቷል። ለፎቶ ነው እንጂ ለዊልቸር አይሆንም።

ደብዳቤው

ከአንድ ገጽ አይብለጥ። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ መጀመር ግዴታ አይደለም። «በትሕትና እለምናለሁ»፣ «እንደ ልጅዎ ቆጥረው» የሚሉትንም ተዉአቸው። እንዲህ ይበቃል፦

ለሰው ኃይል አስተዳደር መምሪያ
ጉዳዩ፦ የሥራ ቦታ ማመቻቸት እንዲደረግልኝ ስለመጠየቅ
በመሥሪያ ቤቱ በሒሳብ ሠራተኝነት በማገልገል ላይ እገኛለሁ። በክራንች ስለምንቀሳቀስ ሦስተኛ ፎቅ በሚገኘው ቢሮ መሥራት አስቸግሮኛል። ስለሆነም በአዋጅ ቁጥር 568/2000 መሠረት፣ 1ኛ/ የሥራ ቦታዬ ወደ ምድር ቤት እንዲዛወር፣ 2ኛ/ የጣት አሻራ ማሽኑ ዝቅ ተደርጎ እንዲሰቀል እጠይቃለሁ። ውሳኔውን በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ አሳስባለሁ።

15 ቀን ያልኩት እኔ ነኝ፣ አዋጁ አይደለም። ቀን የሌለው ጥያቄ ግን መሳቢያ ውስጥ ያድራል። የሐኪም ማስረጃ ካላችሁ አያይዙ። ሙሉ የሕክምና ታሪካችሁን ግን ማንም ማንበብ የለበትም።

በሁለት ኮፒ አትሙና መዝገብ ቤት ስጡ። አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ፣ ማኅተም አስመትታችሁ ይዛችሁት ውጡ። «ግድ የለም፣ እኛ ጋ ይቀመጣል» ቢሏችሁ እሺ እንዳትሉ።

«በጀት የለም» ካሏችሁ

አዋጁ አሠሪው ላይ ከባድ ችግር ወይም ወጪ የሚያስከትል ነገር እንዲደረግ አያስገድድም። ይህ ግን በቃል የሚባል ነገር አይደለም። የሚጠየቀው ነገር ዋጋ፣ የድርጅቱ መጠን፣ የሠራተኛው ብዛት ይታያል። ለዚህ ነው ዋጋ ጻፉ ያልኳችሁ። ባለ አምስት ፎቅ መሥሪያ ቤት የአሻራ ማሽን ለማውረድ በጀት የለኝም ቢል ማን ያምነዋል?

ከዚያ በኋላ የሚሄዱበት ብዙ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ከእሱ ጀምሩ። ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በቃልም በጽሑፍም ያለ ክፍያ ማመልከት ይቻላል። ጉዳዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የአስተዳደር በደልን የሚመረምረው እንባ ጠባቂ ተቋምም አለ። የመጨረሻው ፍርድ ቤት ነው። እዚህ ላይ አዋጁ አንድ ትልቅ ነገር አድርጓል። በአካል ጉዳቴ ምክንያት መድልዎ ደረሰብኝ ብላችሁ ስትከሱ፣ አላደላሁም ብሎ የማስረዳቱ ሸክም የአሠሪው ነው። ሠራተኛ ማኅበር ወይም የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ስለ እናንተ ሊከስ ይችላል። ቅጣቱ ግን ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ነው፣ በዛሬ ገበያ ያሳፍራል። የሚጠቅማችሁ ቅጣቱ ሳይሆን የማመቻቸቱ ትእዛዝ ነው።

በዚህ መሀል ከሥራ ቢያሰናብቷችሁና ተቋሙ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ከሆነ፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሽማግሌ እየላካችሁ ቀኑን እንዳታሳልፉት።

እሺ ካሏችሁም በጽሑፍ

ጠረጴዛዬ ሲወርድ ደስ ብሎኝ ነገሩን ረስቼው ነበር። መዝገብ ቤት የምትሠራው እህታችን ናት «ውሳኔውን በደብዳቤ ውሰድ» ያለችኝ። በዓመቱ ያ ደግ አለቃዬ ተዛወረ። አዲሱ ሰውዬ ምድር ቤቱን ለእንግዳ መቀበያ ፈልጎት፣ ዕቃዬን ወደ ላይ እንዳወጣ ነገረኝ። ምንም አልመለስኩለትም። በፕላስቲክ አድርጌ የያዝኳትን የውሳኔ ደብዳቤ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አነበባት፣ መለሰልኝ፣ እንግዳ መቀበያው ሌላ ክፍል ተፈለገለት።