በዱቄት መልክ የሚመጣ የልጆች ሽሮፕ እንዴት ይበጠበጣል?

እንደ አሞክሳሲሊን ያሉ የልጆች ፀረ ባክቴሪያ ሽሮፖች ብዙውን ጊዜ በደረቅ ዱቄት መልክ የሚታሸጉት፣ መድኃኒቱ ከውኃ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ቀስ በቀስ እየተሰባበረ ኃይሉን ስለሚያጣ ነው። ከተቻለ ፋርማሲስቱ እንዲበጠብጥልዎ ይጠይቁ፤ ራስዎ የሚበጠብጡ ከሆነ ግን በቅድሚያ ጠርሙሱን መታ መታ በማድረግ ከሥሩ የተጋገረውን ዱቄት ያላሉት። ከዚያም ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ፣ በመለያው ላይ ከተገለጸው መጠን ግማሽ ያህሉን ጨምረው፣ ክዳኑን ገጥመው በደንብ ይነቅንቁት፤ ቀሪውንም ጨምረው ይድገሙት። ሲነቀነቅ የተፈጠረው አረፋ ሳይረጋ፣ ውኃው ጠርሙሱ ላይ ያለው የመጠን መስመር ላይ ደርሷል ብሎ ማቆም ቀላል የሚመስል ስሕተት ነው፤ ነገር ግን ውኃው ሲያንስ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ከታዘዘው በላይ መድኃኒት ይይዛል።

ዱቄቱ በውኃው ውስጥ ይበተናል እንጂ ሙሉ በሙሉ ስለማይሟሟና ሲቆይ ከሥር ስለሚዘቅጥ፣ መድኃኒቱን በሰጡ ቁጥር አስቀድሞ መነቅነቅ ግድ ነው፤ አለበለዚያ ልጁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀጭኑን፣ በመጨረሻ ወፍራሙን ይወስዳል። የወጥ ቤት ማንኪያዎች ስፋታቸው ስለሚለያይ፣ 5 ሚሊ ሊትር ለመለካት መርፌ የሌለው ሲሪንጅ እጅግ ይሻላል። የተበጠበጠበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ይጻፉ፤ አሞክሳሲሊን ቢበዛ ከ14 ቀናት በኋላ፣ ሌሎችም በመለያቸው ላይ የተጻፈው ጊዜ ሲያልፍ፣ መልካቸው ባይለወጥም ይወገዳሉ።