አሮጌ ኮምፒውተራችሁ ዘፈን ሲያቆራርጥ እነዚህን አታድርጉ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የሠርግ ሰሞን ሲቃረብ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «ዘፈን ስከፍት ይቆራረጣል፤ ፎርማት አድርግልኝ።»

ኧረ እባካችሁ፣ ፎርማት የሁሉ በሽታ መድኃኒት አይደለም! ዘፈን ማጫወት ለኮምፒውተር በጣም ቀላል ሥራ ነው። የሲዲ ጥራት ያለው ሙዚቃ፣ ምንም ሳይታመቅ፣ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ነው። በደቂቃ ወደ 10 ሜጋባይት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ኮር ቱ ዱዎ የሚባል ፕሮሰሰር እንኳ ይህን ሳይጨነቅ ይወጣዋል። ስለዚህ ድምፁ ከተቆራረጠ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር መሃል እየገባ ሥራውን እያቋረጠው ነው። ያን ነገር ሳይፈልጉ ዊንዶውስ እንደገና መጫን ችግሩን ላይነካው ይችላል፤ ፋይል ግን ያጠፋል። ሰው ቅጂውን የሚያስቀምጠው ዴስክቶፕ ላይ ነው። ዴስክቶፕ ያለው ደግሞ ሲ ድራይቭ ውስጥ ነው። ሲ ፎርማት ሲደረግ አብሮ ይሄዳል።

አንድ የመንዝ ሰው አባቱ የደረደሩትን በገና ከካሴት ወደ ላፕቶፕ አስገልብጦ ነበር። ካሴቱ ኋላ ተበላሸ። ላፕቶፑ እኔ ጋ ሲደርስ ሌላ ቦታ ፎርማት ተደርጎ፣ በላዩ ላይ ፊልም ተሞልቶበታል። ፊልሙ ባይገለበጥበት ኖሮ ብዙው ይመለስ ነበር። ያተረፍኩለት ቁርጥራጭ ብቻ ነው። መቆራረጡም እንዳለ ነው፤ የደከመው ሃርድ ዲስኩ ነበራ! ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው «ምን የሚጠፋ ነገር አለ?» ብሎ ሳይጠይቅ ፎርማት ማድረግ የለበትም። ጨርሶ የለበትም።

መጀመሪያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ዘፈኑ ሲቆራረጥ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ከታየ፣ አፕዴት ወይም አንቲቫይረስ እያመሰው ሊሆን ይችላል። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ሁለት ሥራ አንድ ላይ አይችልም። ገንዘብ ካላችሁ ራም ከመጨመራችሁ በፊት ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባ ፈጣን ማከማቻ) ግዙ። ባለ 2.5 ኢንች ሳታ የሚባለው አብዛኛው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይገባል።

ዲስኩም ፕሮሰሰሩም ዘና ብለው ድምፁ «ትክ ትክ» ካለ ዋይፋዩን አጥፉት። የዋይፋይ ድራይቨር (ዊንዶውስ ዋይፋዩን የሚያዝበት ፕሮግራም) ፕሮሰሰሩን ለቅጽበት ይዞ ድምፁን የሚያስጠብቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ጠፍቶ ከተሻለው ድራይቨሩን ቀይሩ። ሌተንሲሞን የሚባል ነፃ ፕሮግራም የትኛው ድራይቨር እንደሚያዘገይ ያሳያል።

ዩቲዩብ ላይ አይተው በፈርን (ዘፈኑ ከመጫወቱ በፊት ትንሽ ቀድሞ የሚጠራቀምበትን ቦታ) ትንሽ የሚያደርጉም አሉ። እሱ ለሚቀዳ ሰው ነው። የሚዘፍነው ሰው የራሱን ድምፅ ሳይዘገይ መስማት ስላለበት በፈሩ ይጠባል። እናንተ የምታጫውቱት ያለቀ ዘፈን ነው፤ አንድ ሰከንድ ዘግይቶ ቢጀምር ምንም አይደለም። ፉባር 2000ን የመሰለ ቀላል ማጫወቻ ጫኑና በፈሩን አስፉት። የዊንዶውስን ሳምፕል ሬት (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) 192,000 ኸርዝ ላይ መስቀልም እንዲሁ አይጠቅምም። ዘፈኑ 44,100 ከሆነ 44,100 ላይ ተዉት። የተጨመረው ቁጥር አዲስ ድምፅ አያመጣም፣ ለአሮጌው ፕሮሰሰር ግን ሥራ ይጨምራል።

በሰከንድ 128 ኪሎቢት የሆነ ኤምፒ3ን ወደ 320 መቀየር ቦታ ከመብላት በቀር ምንም ጥቅም የለውም።

ቪኤልሲ ላይ ድምፁን ከ100 ፐርሰንት በላይ አትውሰዱ። የሚሰነጠቀው ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው። ድምፁ ካነሰባችሁ አምፕሊፋየሩ ላይ ጨምሩ።

«አገራችን ብርድ ስለሆነ ኮምፒውተር አይግልም» የሚባለውንም አትመኑ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ነው፤ በአቧራ በታፈነ ፋን በኩል ሙቀት በደንብ አያወጣም። እዚህ እንደምንም የሚሠራ ላፕቶፕ ጣርማበርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ቆላ ዳስ ውስጥ ሲገባ ይግላል። ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሙሽራ ሲገባ ዘፈኑ ይንተባተባል። ከመሄዳችሁ በፊት ፋኑን አስጠርጉ። ስሊፕን አጥፉ፣ አፕዴትን ለጊዜው አቁሙ፣ ፓወር ሴቨር ላይ ከሆነም አውጡት።

የመጨረሻው ጉምጉምታ ነው። ላፕቶፑ ከአምፕሊፋየር ጋር ተገናኝቶ «እምምም» ካለ ቻርጀሩን ንቀሉት። ጉምጉምታው ከጠፋ ችግሩ የኧርዝ (ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስደው መስመር) ነው፤ ሁለቱንም አንድ ኤክስቴንሽን ላይ ሰኩ። አንዳንዱ ግን የአምፕሊፋየሩን ሶኬት የኧርዝ እግር ይቆርጠዋል። ይህን በፍጹም አታድርጉ። አምፕሊፋየሩ ውስጥ ሽቦ ከተላጠ የብረት አካሉ ኮረንቲ ይይዛል፤ ማይክ የጨበጠ ሰው ሊሞትበት ይችላል። ኤክስቴንሽኑ ካልፈታው በኦዲዮ ገመዱ መሃል የሚገባ አይሶሌተር አለ፣ እሱን ግዙ።